ለፉጨት የሚመልስ ሰው

አባባን ከቀበርን ወዲህ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ "ጻፍሽው?"

የሕይወት ታሪኩን ማለታቸው ነው። እሑድ ጠዋት በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ የመታሰቢያ ጸሎት አለ፤ እዚያ ይነበባል። ከቤቱ ሁሉ ብዕር የሚቀናት እሷ ናት ተብሎ ለእኔ ተሰጠ። የማነበውም እኔው ነኝ። ታክሲ ውስጥ "ወራጅ አለ" ማለት አፍሬ አንድ ፌርማታ አልፌ የምወርደው እኔ፣ በሁለት መቶ ሰው ፊት ማይክሮፎን ልይዝ ነው።

በመጀመሪያው ገጽ አልተቸገርኩም። አባባ በወጣትነቱ ወታደር ነበር፤ የሜዳ ስልክ ሽቦ ዘርጊና ጠጋኝ። ከጦርነቱ ሲመለስ በዚያው ሙያ ስልክ መሥሪያ ቤት ተቀጠረና ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ምሰሶ ሲወጣና ሲወርድ ኖረ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነበር። እናቴን አንድ ቀን ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናግሯት አያውቅም። ቅዳሜ ከሰዓት በረንዳው ላይ ጋዜጣ ያነጥፍና የሁላችንን ጫማ በመጠን ደርድሮ፣ ከራሱ ጀምሮ እስከ እኔዋ ትንሿ ድረስ ይወለውላል። የትምህርት ቤት ቀሚሴን የሚተኩሰውም እሱ ነበር፤ ጓደኞቼ የቀሚስሽ እጥፋት ጣት ይቆርጣል እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

ይህን ሁሉ ጻፍኩ። ስለ ስም ጥሪው ልጽፍ ስል ግን እጄ ቆመ።

የቤታችን የማታ ጸሎት እንደ ሌላው ሰው ቤት አልነበረም። መዝሙር ከተነበበ በኋላ አባባ ቀጥ ብሎ ይቆምና የጓዶቹን ስም ይጠራል። እናት ያወጣችላቸውን ሳይሆን ምሽግ ውስጥ የወጣላቸውን ስም። ረጅሙ። ዶሮ። ማንኪያ። ሙሽራው። ጨው። ፉጨት። እንዲህ እያለ አሥራ ዘጠኝ ይደርሳል። አብዛኞቹ አልተመለሱም። ቢሆንም ስም ሲጠራ ዝም አይባልም፤ ስሞቹ ለእናቴ፣ ለወንድሜና ለእኔ ተከፋፍለዋል፤ ተራው የደረሰ "አለ" ብሎ ይመልሳል። "በእግዚአብሔር መዝገብ የጠፋ ሰው የለም፤ እኛም ዘንድ አይጠፋም። ለአንድ ሰው የመለሰ ተሸካሚው ነው" ይለን ነበር።

ሰባት ዓመት ሲሞላኝ "የአንቺ ደግሞ ፉጨት ነው" አለኝ። ፉጨት ማን እንደሆነ አልነገረኝም፤ እኔም የምጠይቅ ልጅ አልነበርኩም። ሃያ ዓመት ያህል በየማታው ያ ስም ሲጠራ "አለ" አልኩ። አንዳንድ ልጆች የማይታይ ጓደኛ አላቸው፤ የእኔ የማይታይ ወታደር ነበር።

*

ከሁለት ዓመት በፊት፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ የግቢያችን በር ማጠፊያ ተሰብሮ አንድ በያጅ መጣ። የዊልቸር መጠገኛ ውስጥ የሚሠራ ሰው ነበር። ጭምብሉን ወደ ላይ ገልብጦ ውኃ ለመነኝ፤ ስሰጠው ሥራዬን ጠየቀኝ። የመጠጥ ውኃ ላቦራቶሪ ውስጥ እንደምሠራ ስነግረው ብርጭቆውን ወደ ፀሐይ አነሣና "ታዲያ ይቺ ተመርምራለች?" አለኝ። ሳቅኩ። እኔ የማላውቀው ሰው ፊት አልስቅም።

ከዚያ ቀን ወዲህ "ጠብታ" ብሎ ይጠራኝ ጀመር፤ ወሬሽ ጠብ ጠብ ነው የሚለው እያለ። እሱ ራሱ እንደተከፈተ ቧንቧ ያወራል። የማያወራው ሲያፏጭ ብቻ ነው። የሚያፏጨው ደግሞ አንድ ዜማ ነው፤ ሦስት ጊዜ ወደ ላይ ወጥቶ፣ አራተኛው ላይ ሳያልቅ የሚቀር። እናቱ ልብስ ስታጥብ የምታንጎራጉረው ነበር አለኝ። የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ነበረች፤ የቴክኒክ ተማሪ ሳለ ሞታበታለች። አባቱን አያውቀውም።

በሩን በበየደበት በዚያ ቀንም እያፏጨ ነበር። አባባ በረንዳው ላይ ጫማ ይወለውላል። ብሩሹን እንደያዘ ተነሣ፤ እስከ በሩ ድረስ መጣ፤ ጎንበስ ብሎ የሚሠራውን ሰው ትከሻና ማጅራት ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። አንድ ቃል ሳይተነፍስ ተመለሰ። የዚያን ቀን አንድ እግር ጫማዬ ሳይወለወል ቀረ።

ሰባት ወር ተዋደድን። ከዚያ በያጁ ሸሚዙን አስተኩሶ፣ ጥፍሩ ውስጥ የገባውን ጥላሸት በብሩሽ ፈትጎ፣ ለጋብቻ ሊጠይቀኝ ቤታችን መጣ። አባባ አባቱ ማን እንደሆኑ ጠየቀው። በጦርነት እንደሞቱ፣ እናቱ ልብስ እያጠበች እንዳሳደገችው መለሰ። አባባ የሻዩን ብርጭቆ አስቀምጦ ወደ ጓዳ ገባ፤ ተመልሶም አልወጣ። እንግዳው ብርጭቆው ላይ እያፈጠጠ ብዙ ከጠበቀ በኋላ በራሱ ተነሥቶ ሄደ። በማግሥቱ አባባ እኔን ለብቻዬ ጠርቶ፣ "ከዚህ ልጅ ጋር፣ እኔ በሕይወት እያለሁ አይሆንም። ምክንያቱን አትጠይቂኝ" አለኝ። ዓይኔን አላየኝም።

ምክንያቱን መጠየቅ ምን ያስፈልጋል? በያጅ፣ የልብስ አጣቢ ልጅ። ሁላችንም እንደዚያ ተረዳነው። በየማታው የሚጸልይ ሰው እንዲህ ሰው መናቁ አንጀቴን አሳረረው፤ ግን እምቢ ማለት አልለመድኩም፤ ታዘዝኩ። በያጁ አራት ደብዳቤ ላከልኝ። ሦስቱን ሳልከፍት በመሥሪያ ቤታችን ጥበቃ በኩል መለስኩ። አራተኛውን መክፈትም መመለስም አቅቶኝ ላቦራቶሪ መሳቢያዬ ውስጥ፣ ከጠርሙስ መለያ ወረቀቶች ሥር አኖርኩት።

በዚያው ሳምንት፣ በስም ጥሪው ላይ፣ አባባ "ጨው" ካለ በኋላ አፉን ከፈተ፤ ድምፅ ግን አልወጣውም። እናቴ ቀና ብላ አየችው። ዝምታው ሲበዛብኝ፣ ሳልጠራ፣ "አለ" አልኩ። ከዚያ ወዲህ እስኪሞት ድረስ ፉጨትን ጠርቶት አያውቅም። ቦታው ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ እኔ ለዝምታው እመልሳለሁ፤ እሱ ይቀጥላል። ምን ሆነህ ነው ብዬ አልጠየቅኩትም። አኩርፌው ነበር፤ ማኩረፍ ከመጠየቅ ይቀላል።

*

ሐሙስ ዕለት ጨው ሊያስተዛዝኑን መጡ። የአባባ አሥር አለቃ ነበሩ፤ ከአሥራ ዘጠኙ በሕይወት የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። እናቴ ሾርባ አቀረበችላቸው። አንድ ማንኪያ ቀመሱና "ጨው አንሶታል" አሉ፤ እናቴ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። እሷ ወደ ጓዳ ስትመለስ ወረቀቴን አወጣሁና ለሕይወት ታሪኩ እንዲሆነኝ ስለ ፉጨት እንዲነግሩኝ ጠየቅኳቸው።

ማንኪያውን አስቀመጡ። "አባትሽ አልነገራችሁም?"

አልነገረንም አልኳቸው። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩኝ። ፉጨት እንደ አባባ ሽቦ ጠጋኝ ነበር። ስሙ የወጣለት በማፏጨቱ ነው፤ ራሱ የፈጠራት አንዲት ዜማ ነበረችው፤ መጨረሻዋን ቤቴ ስገባ ነው የምጨርሳት ይል ነበር። ይህን ሲሉ ከጀርባዬ በር የተከፈተ ይመስል ብርድ ተሰማኝ። ሦስት ጊዜ ወደ ላይ ትወጣለች ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። አዩኝና "አዎ" አሉ።

አንድ ቀን ከሰዓት ሽቦው ተቆረጠ። ጠጋኞቹ የሚወጡት በተራ ነው፤ ተራው የአባባ ነበር። ጠዋት ደግሞ ደብዳቤ ደርሶት ነበር፤ እናቴ ወንድሜን በሰላም መገላገሏን የጻፈችበት። ፉጨት የሽቦውን ጥቅልል ከእጁ ነጠቀው። አባባን ምሽግ ውስጥ የሚጠሩት "ቄሱ" እያሉ ነው፤ ሲጸልይ ስለሚያዩት። "ቄሱ፣ አንተ ዛሬ አባት ሆነሃል፤ ተቀመጥ። እኔ ማንም የለኝም" አለው። አባባ አልተከራከረም። ተቀመጠ። ሽቦው ተጠገነ፣ ስልኩም ሠራ፤ ፉጨት ግን አልተመለሰም።

"ለቤተሰቡ የሚላከውን ሻንጣ የሰበሰበው አባትሽ ነው" አሉ ጨው። "ውስጡ የሕፃን ካልሲ አገኘ። ማንም የለኝም ያለው ሰው፣ የስድስት ወር ልጅ ነበረው።"

ጦርነቱ ሲያልቅ አባባ ሚስቲቱን ሊፈልግ ሄደ። ልጇን አዝላ ከምትኖርበት ከተማ ወጥታለች፤ ወዴት እንደሄደች የሚያውቅ አልነበረም። በደረሰበት ሁሉ ሲጠይቅ ዓመታት አለፉ።

"በመጨረሻ ልጁ ራሱ በእግሩ ግቢው ድረስ መጣለት" አሉ። "እያፏጨ። ንገረው ብዬ ስንት ጊዜ ለመንኩት። ነገ ይለኛል፤ ነገ ደግሞ ነገ ይለኛል። 'ተራው የእኔ ነበር፤ ማዕድ ላይ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ አባባ ሲለኝ እንዴት እችለዋለሁ?' አለኝ። አልናቀውም፣ ልጄ። ፈራው።"

ብዕሬ ወረቀቱ ላይ አንድ ነጥብ አሳርፎ ቀርቷል። ዓመት ተኩል ሙሉ አባቴን በሆዴ ስከስሰው ኖርኩ። አባባ ግን "የልብስ አጣቢ ልጅ" ብሎ አያውቅም። ያንን ቃል መጀመሪያ ያለው የእኔ ልብ ነው።

*

ዓርብ ጠዋት ሥራ ገባሁ። የመሥሪያ ቤታችን ጥበቃ ወሬ ሳያቀብል በር አይከፍትም፤ "ያ ደብዳቤ ያመጣ የነበረው ልጅ፣ ሰማሽ አይደል?" አለኝ። ባሕር ዳርቻ ያለ የመርከብ መጠገኛ ቀጥሮት እሑድ ጠቅልሎ ይሄዳል። መስማቴን እንኳ ሳልነግረው አለፍኩ።

መሳቢያዬን ሳብኩ። እኛ ላቦራቶሪ የናሙና ጠርሙስ ሲመጣ ከየት፣ በስንት ሰዓት፣ በማን እጅ እንደተቀዳ ይጻፍበታል። በጊዜው ያልተመረመረ ናሙና ይደፋል፤ ከዚያ በኋላ የሚገኘው ውጤት እውነቱን አይናገርም። ይህን ሕግ ለአዲስ ሠራተኞች የማስተምረው እኔ ነኝ። ፖስታው ላይ ያለውን ቀን አየሁ። ዓመት ከአራት ወር። ከፈትኩት።

"ጠብታ፣ ይህኛውም ከተመለሰ ሌላ አልጽፍም። አንድ ጥያቄ ነው ያለኝ። አባትሽ ያን ቀን ሲያዩኝ ዓይናቸው ውስጥ የነበረው ንቀት አይደለም። ንቀትን አውቀዋለሁ፤ አብሬው ነው ያደግኩት። እሳቸው የፈሩኝ ነው የሚመስለኝ። ምን አድርጌያቸው ነው? ጠይቂልኝ። መልሱ ምንም ይሁን እችለዋለሁ።"

ሁላችንም አንድ ቤት እየኖርን ያላየነውን እሱ አንድ ብርጭቆ ሻይ ሳይጨርስ አይቶት ነበር። ደብዳቤው ሲደርሰኝ አባባ በሕይወት አለ። በየማታው ከፊቴ ይቆም ነበር፤ ስሙ ጋ ሲደርስ ይታነቅ ነበር። አንዲት ጥያቄ ብጠይቀው ኖሮ ምናልባት ያ ጉሮሮ ይከፈት ነበር። ደብዳቤውን አጠፍኩት። ጊዜው እንዳለፈበት ናሙና ደፋሁት ማለት ይቀላል፤ የደፋሁት ግን ደብዳቤውን ብቻ አልነበረም።

*

ከሰዓት በኋላ ወደ መጠገኛው ሄድኩ። ዊልቸሮች ከጣሪያው ላይ በመንጠቆ ተሰቅለዋል፤ ጎማቸው በንፋሱ ቀስ እያለ ይዞራል። ቤቱ የተቃጠለ ብረት ይሸታል። በያጁ አንድ መቀመጫ ላይ ጎንበስ ብሏል። ጥላዬን አይቶ ጭምብሉን ገለበጠ።

ሐዘናችንን እንደሰማ ነገረኝ። ለለቅሶ መምጣት ፈልጎ፣ ሞት ሲመጣ የድሮ ክልከላ ይነሣ እንደሆነ የሚጠይቀው ሰው አጥቶ እንደቀረ ነገረኝ። ፈገግ ሊል ሞክሮ ተወው። ከስቷል። ሸሚዙ ላይ፣ ብብቱ ሥር፣ እኔ ከሁለት ዓመት በፊት የሰፋሁለት ክር አሁንም አለ።

መቀመጥ ፈራሁ፤ ከተቀመጥኩ የምነሣ አልመሰለኝም። ቆሜ፣ ጨው የነገሩኝን ሁሉ ነገርኩት። ጠብ፣ ጠብ አልኩለት። ስጀምር ብየዳው ላይ የቀረውን ቅርፊት በመዶሻ እየመታ ያራግፍ ነበር። ዜማዋ ጋ ስደርስ መዶሻው ቆመ። ካልሲው ጋ ስደርስ አንገቱን ደፋ።

"ተራው የማን ነበር?" አለ።

"የአባቴ።"

"እንደገና በይልኝ።"

"የአባቴ ተራ ነበር።"

ከላያችን አንዱ ጎማ ሲዞር ይሰማል።

"ቢንቁኝ ይሻለኝ ነበር" አለ። "ለንቀት መድኃኒት አለኝ፤ ሠርቼ አሳያለሁ። ለዚህኛው ምን ይሠራለታል?"

ደብዳቤውን ዛሬ መክፈቴን ነገርኩት። አራተኛውን ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት። "ሦስቱም ያው ጥያቄ ነበሩ" አለ። አልጮኸብኝም። ቢጮህብኝ ደስ ባለኝ።

አባቱን ሳናውቀው በየማታው እንጠራው እንደነበር፣ ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ የምመልስለት እኔ እንደነበርኩ ልነግረው ፈለግኩ፤ የሚያጽናናው መስሎኝ። ነገርኩት።

"'አለ' እያልሽ?"

"አዎ።"

ጓንቱን አወለቀ። መዳፉን አየው፣ የሚያነበው ነገር ያለበት ይመስል። "እናንተ ቤት አለ ሲባል እኛ ቤት የለም ነበር" አለ። "ትምህርት ቤት አባትህን ይዘህ ና ሲሉኝ የምመልሳት አንዲት ቃል ነበረችኝ። የለም። እናቴ ስትታመም፣ ሐኪሙ የቤቱ አባወራስ ሲለኝ፣ የለም። እናንተ ዘንድ እንዲህ በየማታው ካለ፣ እኛ ዘንድ ለምን አልመጣም?"

ሐሙስ ማታ ስለ ስም ጥሪውና ስለ ፉጨት የጻፍኩትን ገጽ ሰጠሁት። እሑድ ላነበው እንዳሰብኩ፣ እሱ አይነበብ ካለ ግን እንደማላነበው ነገርኩት። አንብቦ መለሰልኝ፤ ጠርዙ ላይ የአውራ ጣቱ ጥላሸት ቀረ።

"የአባትሽ ታሪክ ነው፤ አንቺ ታውቂያለሽ። የእኔ አውቶቡስ እሑድ ስድስት ሰዓት ላይ ነው።" ጭምብሉን ሊያወርድ ሲል ተመለሰ። "ስሙን አንዴ ድገሚልኝ። የአባቴን።"

"ፉጨት" አልኩት።

ጭምብሉን አወረደ። ብልጭታውን በባዶ ዓይን ማየት አይቻልምና ፊቴን አዞርኩ። መንገድ ስሻገር ጆሮዬን ወደ ኋላ ጥዬ ነበር። የብረቱ ጩኸት ይሰማል። ፉጨቱ አልተከተለም።

*

ቅዳሜ ከሰዓት ወንድሜ በረንዳው ላይ ጋዜጣ አንጥፎ ጫማ ደርድሯል። ማንም አላዘዘውም። አባባን ያጣ ዓይን ሁሉ ወደዚያች ቦታ ይሄዳል፤ እሱም ባዶነቷን መሸፈን ፈልጎ ይመስለኛል። እናቴ አጠገቡ ተቀምጣለች። ገጹን አነበብኩላቸው።

ወንድሜ ብሩሹን ጣለው። "እኔ በመወለዴ ሰው ሞተ ብለሽ በማይክሮፎን ልታነቢ ነው?" አለ። ሙት ወቃሽ አትሁኚ አለኝ፤ አባባን ራሱን መከላከል በማይችልበት ቀን ለፍርድ ማቆሜን ነውር አለው። ያለው ሁሉ ልክ ይመስል ነበር። እኔ ያልለካሁትን አልጽፍም፤ የለካሁትን ደግሞ አልደብቅም ማለት ፈልጌ ነበር፤ ከአፌ የወጣው ግን "አባባም እንዲነገር ይፈልግ ነበር" የሚል ብቻ ነው። እንዴት አወቅሽ አለኝ።

የመለሰችው እናቴ ናት። "ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ" አለች። "ወንድ ልጅ ነው፣ አፍንጫው ያንተ ነው ብዬ።" ጣቶቿን እያፍተለተለች ቆየች። "ይህን ሁሉ ዓመት ሲጸልይ እጁን እይዘው ነበር። ያ ስም ጋ ሲደርስ እጁ በረዶ ይሆናል። የጦርነት ነገር ነው ብዬ ተውኩት። ባል እንዲህ እጁ ሲበርድ ዝም ይባላል? አንብቢው፣ ልጄ። ሊለው ፈልጎ ጉሮሮው ላይ የቀረውን ነው የጻፍሽው።"

ወንድሜ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያ ብሩሹን አነሣና ከሰልፉ መጨረሻ የእኔን ጫማ ወሰደ። ሁለቱንም እግር ወለወለልኝ። ይቅርታ እንዳልጠየቀኝ፣ እንዳልፈቀደልኝም አውቃለሁ። ቢሆንም የብሩሹ ድምፅ የአባባን ይመስል ነበር፤ ሦስታችንም ለእሱ ስንል ዝም አልን።

*

አዳራሹ ሞልቷል። ዓይኔን ከወረቀቱ ላይ ሳላነሣ አነበብኩ። ምሰሶው፣ ጫማው፣ የቀሚሴ እጥፋት ጋ ስደርስ ሰዎች እያለቀሱ ሲስቁ ሰማሁ። ከዚያ "ተራው የእሱ ነበር" የሚለው መስመር ላይ ደረስኩ። አባቴ አንድ ጊዜ መቀመጡን፣ የተቀመጠበትን ያን ሰዓት ዕድሜውን ሙሉ ቆሞ ሲጸልይበት መኖሩን፣ የሞተለትን ሰው ልጅ ደጁ ላይ ሲያገኘው ደግሞ እውነቱን መናገር እንዳልቻለ አነበብኩ። ማጉረምረም ተሰማ። አንድ ሰው ወንበር ስቦ ወጣ። ጨረስኩ።

ጨው ከፊት ወንበር ተነሥተው እንደ ወታደር ቀጥ አሉ። "ጥሪው ይቀጥል" አሉ።

ጠራሁ። ረጅሙን ስል ወንድሜ መለሰ። ለዶሮ እናቴ። ለማንኪያ ወንድሜ። ለሙሽራው እናቴ። ጨው ስል አዛውንቱ ራሳቸው "አለሁ" አሉ፤ ድምፃቸው አዳራሹን ሞላው።

"ፉጨት።"

ያኔ ነው የገባኝ። ለእሱ የምመልሰው እኔ ነበርኩ፤ ዛሬ ግን ጠሪዋ እኔ ነኝ። እናቴ ወደ እኔ አየች። ጨው ወደ እኔ አዩ። አፌን ከፈትኩ፤ ያ የለመድኩት ቃል ምላሴ ላይ ነበር። እንዳልለው ያዝኩት። የእኔ አልነበረም።

"የለም" አለ አንድ ድምፅ።

ዓይኔን አነሣሁ። የመጨረሻው ወንበር ጀርባ፣ በሩ አጠገብ፣ ቦርሳውን በትከሻው አንግቶ ቆሟል። ከመቼ ጀምሮ እንደነበር አላውቅም። አልጮኸም፤ ትምህርት ቤት ለአስተማሪ እንደሚመለስ፣ ቀለል አድርጎ ነው ያለው። ሰው ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ። እኔ ግን አልደነገጥኩም። ሃያ ዓመት ሙሉ ያልኩት "አለ" እኛን ሲያሳርፈን ኖሯል፤ እሱን የተራቡት ግን ሌሎች ነበሩ። ለዚያ ስም የሚገባው መልስ ዛሬ ተሰጠ። ወረቀቱ ላይ ያለውን የአውራ ጣት ጥላሸት በጣቴ ነካሁትና ቀጠልኩ።

አሥራ ዘጠኙ አለቁ። ግርጌው ላይ እኔ የጨመርኳት አንዲት ስም ቀረች። እናቴ ልትመልስላት ተስማምተን ነበር።

"ቄሱ።"

እናቴ አፏን ከፈተች። ድምፅ አልወጣትም። ልክ እንደ እሱ፣ ጉሮሮዋ ላይ ቀረ። ወንድሜ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኗል። ጨው አንገታቸውን ደፍተዋል። ስም ሲጠራ ዝም አይባልም ነበር፤ ያን ጠዋት ግን ለአባባ የሚመልስ አንድ ሰው ጠፋ። ዝምታው አዳራሹን ሞልቶ፣ ከወንበር ወንበር ተሻግሮ፣ በሩ ድረስ ደረሰ።

"አለ።"

እንደ ዛገ ማጠፊያ፣ በግድ የተከፈተ ድምፅ ነበር። ያው ሰው ነበር።

ለአንድ ሰው የመለሰ ተሸካሚው ነው ይል ነበር አባባ። በያጁ ይህን ከእኔ ገጽ ላይ አንብቦታል፤ "አለ" ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ያውቃል። ይቅር ማለቱ ይሁን፣ ሸክሙን እየከበደውም ቢሆን ማንሣቱ ይሁን፣ አልጠየቅኩም። ስድስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ቀርቷል፤ ቦርሳው ከትከሻው አልወረደም። እኔም ና አላልኩትም። ብቻ እያየኝ ነበር፤ እኔም አየሁት። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሲያየኝ ዓይኔን የምሰብር ልጅ ነኝ። ያን ጠዋት አልሰበርኩም።